ከክንድ ወደ ሜትር፣ ከግምት ወደ ሙከራ፦ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንስ ለሚያስተምሩ መምህራን

የሳይንስ ትምህርት ሲጀመር ሁለት ርዕሶች ቀድመው ይመጣሉ፤ ሳይንሳዊ ዘዴና የልኬት አሃዶች። ተማሪው "ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ" ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይወርደዋል። "1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው" የሚለውንም ይሸመድዳል። የዴስኩን ርዝመት ለካ ሲባል ግን ማስመሪያውን ከ1 ላይ ይጀምራል። ችግሩ ሁለቱ ርዕሶች ተነጣጥለው መሰጠታቸው ነው። መላምት የሚፈተነው በልኬት ነው፤ ልኬት ደግሞ የሚከራከሩበት ጉዳይ ከሌለ አሰልቺ ስራ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው፦ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ በልኬት የሚፈታ ክርክር፣ የደረጃዎቹ ስም መጨረሻ።

ስድስት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። 60 ተማሪ ላለው ክፍልና ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ደሴም ሆነ ኩታበር፣ ከሚሴም ሆነ ወልድያ ያለ መምህር ከገበያና ከቤት በሚያገኘው ዕቃ ሊሰራው ይችላል።

ዕቃ ማሰባሰብ

ተማሪዎቹን በስድስት በስድስት ይመድቡ፤ አስር ቡድን ይሆናል። ለአንድ ቡድን ሁለት ሜትር ያህል ሲባጎ፣ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ባዶ ሃይላንድ፣ አንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ሁለት ፌስታል፣ የካርቶን ቁራጭ፣ ግማሽ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ፣ አንድ ትንሽና አንድ ተለቅ ያለ ጠጠር ያስፈልጋል። ሲሪንጁ አዲስና ያልተነካ ይሁን፤ ከፋርማሲ ሲገዙ መርፌውን እዚያው ይተውት። ከጤና ጣቢያ የተጣለ ሲሪንጅ ለትምህርት በፍጹም አይሆንም።

ለክፍሉ በጋራ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና ሰዓት መቁጠሪያ ያላቸው ሁለት ሦስት ስልኮች ይበቃሉ። የልብስ ሰፊውን ሜትር ሲገዙ ጥንቃቄ ያድርጉ። ፕላስቲክና ጨርቅ ስለሆነ ሲያረጅ ይለጠጣል፤ ሁለት የተለያዩ ሜትሮች ከሱቁ ተቀብለው ጎን ለጎን ዘርግተው ያነጻጽሩ፤ ከተቻለ ከአናጢ የብረት ሜትር ጋር ያስተያዩት። በአንድ በኩል ሴንቲ ሜትር፣ በጀርባው ኢንች የተጻፈበትም ብዙ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ጀርባውን ያነበበ ተማሪ ቁጥሩ ከሌላው ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ያንሳል። የኢንቹን ገጽ በፕላስተር ይሸፍኑት። የአናጢ ሜትር ካገኙ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ወደፊትና ወደኋላ ሲንቀሳቀስ ተበላሸ ብለው አይምቱት። እንቅስቃሴው የመንጠቆውን ውፍረት ያህል ነው፤ ሜትሩን ጠርዝ ላይ ሰቅለውም ሆነ ግድግዳ ላይ ገፍተው ሲለኩ ዜሮው ትክክል እንዲሆን ሆን ተብሎ የተሰራ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ ይኑር፦ በመለኪያ ደብተር ላይ ላጲስ የለም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ከስሩ ያለው ግን መነበብ አለበት። ተማሪዎች የጓደኛቸውን ቁጥር አይተው የራሳቸውን ማስተካከል ይወዳሉ፤ ላጲሱ ካልተከለከለ አስሩም ቡድን አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ ይመጣል። እንዲህ የሚስማማ ውጤት ደግሞ ምንም አያስተምርም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ ጥቁር ሰሌዳው ስንት ክንድ ነው?

ሜትርም ማስመሪያም አያውጡ። ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ተማሪ ወጥቶ የጥቁር ሰሌዳውን ርዝመት በራሱ ክንድ ይለካ፤ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። እርስዎም ይለኩ። ሁሉም ቁጥር ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ሰሌዳው 3 ሜትር ከ60 ቢሆን፣ ክንዱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተማሪ 9 ክንድ ያገኛል፤ ክንዱ 48 የሆነ ትልቅ ሰው ሰባት ተኩል።

"ማን ነው የተሳሳተው?" ብለው ይጠይቁ። ክፍሉ መጀመሪያ አንዱን ይወነጅላል፤ ቆይቶ አንድ ልጅ ማንም አልተሳሳተም ይላል። ከዚህ በኋላ ያው ተማሪ በራሱ ክንድ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይለካ። አሁንም ቁጥሩ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ እጁን ሲያነሳ ምልክቱን ይስታል፣ መጨረሻ ላይ የቀረችውን ቁራጭ "ሩብ" ወይም "ሲሶ" ብሎ ይገምታል። ሁለቱ ልዩነቶች የየቅል መሆናቸውን ያስለዩ። የመጀመሪያው አሃዱ ከሰው ሰው ስለሚለያይ የመጣ ነው፤ የጋራ አሃድ ያጠፋዋል። ሁለተኛው ከለኪው እጅና ዓይን የመጣ ነው፤ በሜትርም ቢለካ አይጠፋም፣ ይቀንሳል እንጂ። ለቀሪዎቹ ትምህርቶች ሁሉ መሰረቱ ይህ ስለሆነ አይቸኩሉ።

የቤት ስራ፦ ቤት ውስጥ የሚሰራባቸውን መለኪያዎች ጠይቀው ይምጡ። ስንዝር፣ ጋት፣ ቁና፣ ጣሳ፣ ጥማድ ይመጣሉ። እነዚህን የኋላ ቀር መለኪያ አድርጎ ማቅረብ ስህተት ነው። ጥማድ ለምሳሌ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰውን መሬት ነው የሚነግረን፤ ለገበሬው ከካሬ ሜትር ይልቅ የሚጠቅም መረጃ ነው። ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ገደማ ተብሎ ይያዛል፤ ሆኖም የቆላ አሸዋማ መሬትና የደጋ መረሬ በአንድ ቀን እኩል አይታረሱም። ተማሪዎቹ "ታዲያ ሁለት ሰዎች መሬት ሲያነጻጽሩ ምን ይሆናል?" ወደሚለው ጥያቄ ራሳቸው ይድረሱ።

ሁለተኛው፦ ሜትር መስራት

እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሜትር ይሰራል። ከካርቶን አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮች ይቆረጡና በፕላስተር ተቀጣጥለው 1 ሜትር ይሆናሉ። ከጋራው ሜትር ላይ በመጀመሪያ 0ና 100፣ ቀጥሎ አስር አስሩ፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ በአንድ አንድ ይከፋፈል። ሁሉንም ሚሊ ሜትር ማስመልከት ጊዜ ይፈጃል፤ አንዷን ሴንቲ ሜትር በማስመሪያ አስር ቦታ መክፈል ይበቃል።

ሲባጎ ለዚህ ለምን አይሆንም? ስለሚሳብ ነው። ፈጣን ቡድን ካለ 1 ሜትር ሲባጎ ቆርጦ ላላ አድርጎ፣ ቀጥሎም ወጥሮ ይለካ፤ ልዩነቱን ይመዝግብ።

ሜትሩ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በ1790ዎቹ የፈረንሳይ ሊቃውንት ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለአስር ሚሊዮን ከፍለው ሜትር አሉት። ዛሬ ግን ከ1983 ጀምሮ የሚተረጎመው በብርሃን ፍጥነት ነው፤ ብርሃን በኦና (አየር እንኳ በሌለበት ባዶ ቦታ) ውስጥ በ1/299,792,458 ሰከንድ የሚጓዘው ርቀት። ኪሎ ግራምም ከግንቦት 2019 ጀምሮ በፓሪስ አቅራቢያ የተቀመጠ የብረት ቁራጭ መሆኑ ቀርቶ በተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር ይተረጎማል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ይህንኑ ይጥቀሱ።) ለ5ኛ ክፍል የመጀመሪያው ትርጉም ይበቃል።

ሜትሩ ካለቀ በኋላ የአነባበብ ልምምድ ይሁን። ሦስት ስህተቶች ሁልጊዜ ይመጣሉ።

1. ዜሮውን መሳት። ብዙ ማስመሪያ ላይ ዜሮው ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ገባ ይላል፤ ጫፉ የተሰበረም ሞልቷል። ጫፉ ለተሰበረ መፍትሄው ከ10 ጀምሮ መለካትና 10 መቀነስ ነው።
2. በጎን ማየት። ዓይን ከምልክቱ ትይዩ ካልሆነ ንባቡ ይሸሻል። ሁለት ተማሪ አንዱን እርሳስ ከግራና ከቀኝ ሆነው እንዲያነቡ ያድርጉ፤ ይጣላሉ። ሦስተኛው ከላይ ቀጥ ብሎ ያንብብና ይዳኛቸው።
3. አሃድ አለመጻፍ። "ርዝመቱ 74" ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ነጥብ ያገኛል፣ ምንም ያህል በትክክል ቢለካ። ጨካኝነት ከመሰላቸው የማርስ መንኮራኩሯን ይንገሯቸው፦ በ1999 ወደ ማርስ የተላከችው የአሜሪካ መንኮራኩር የጠፋችው አንደኛው ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በእንግሊዝ አሃድ፣ ሌላኛው በኒውተን ስለተረዳው ነው።

ስለ ቅጥያዎች፦ ሚሊ፣ ሴንቲና ኪሎ በቂ ናቸው። ዴካና ዴሲ ከፈተና ውጭ እምብዛም አያስፈልጉም፤ ሄክቶን የሚያውቁት በሄክታር ነው፤ 100 ሜትር በ100 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሜትር። እዚህ ላይ አብዛኛው ተማሪ "1 ካሬ ሜትር 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው" ይላል። በቃል አይከራከሩ። ወለሉ ላይ በጠመኔ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይሳሉ፤ ከካርቶን 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቆርጠው ስንት ጊዜ እንደሚገባ ያስቆጥሩ። መቶ ጊዜ ይገባል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ራሱ መቶ ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። መልሱ 10,000 መሆኑን ከዚያ በኋላ የሚረሳ የለም።

የሜትሪክ ስርዓት ሁሉንም ነገር እንዳልወሰደም ይወቁት። ቧንቧ በኢንች ይሸጣል። የጣሪያ ቆርቆሮ በጌጅ ነው፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ከባለ 28 ይቀጥናል።

ሦስተኛው፦ ሊትርና ኪሎ ግራም

ከካርቶን ውስጡ 10 በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍት ሳጥን ይስሩ፤ ፌስታል ውስጡ ያንጥፉ። ይህ 1,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሊትር ማለት ነው።

ግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ እስከ አፉ ከተሞላ ከ500 ሚሊ ሊትር እንደሚበልጥ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ስለዚህ መጀመሪያ በሲሪንጁ 10 ሚሊ ሊትር 50 ጊዜ ይጨምሩና ውሃው የደረሰበትን በማርከር ያስምሩ። ሲሪንጁ ውስጥ አየር ከገባ ልኬቱ ይጎድላል፤ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። የሚነበበውም ከጎማው ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ላይ እንጂ ከኋላው አይደለም። ሃምሳ ጊዜ ሲቆጥሩ ይሳሳታሉ፤ አንዱ ይቅዳ፣ አንዱ በየአስሩ ደብተሩ ላይ ጭረት ያኑር።

ሁለቱ ሃይላንድ ሳጥኑ ውስጥ ሲገለበጡ ውሃው ልክ አፉ ላይ መድረስ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይጎድላል። የካርቶኑ ግድግዳዎች በውሃው ግፊት ወደ ውጭ ስለሚያብጡ ነው። አራት ልጆች አራቱን ጎን በመዳፍ ደገፍ ሲያደርጉት ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ይህን አስቀድመው አይንገሯቸው፤ "ለምን ጎደለ?" ብለው ያቆዩዋቸው። የመጀመሪያው እውነተኛ መላምት እዚህ ይወለዳል፦ "ፈሰሰ"፣ "ሃይላንዱ በትክክል አልተሰመረም"፣ "ካርቶኑ አበጠ"። ሦስቱንም መፈተን ይቻላል።

ለሚዛን ዱላውን ልክ መሃሉ ላይ፣ ከመሃል መስመሩ ትንሽ ከፍ አድርገው በሚስማር ይብሱትና በሲባጎ ይስቀሉት። ቀዳዳው ዝቅ ካለ ሚዛኑ አንዴ ወደ አንዱ ጎን ካጋደለ አይመለስም። ከሁለቱ ጫፎች እኩል ርቀት ላይ ተቆርጠው የተዘጋጁ የሃይላንድ ቂጦች ይንጠልጠሉ። ባዶውን ሚዛን ካልተስተካከለ በቀለለው በኩል ጭቃ ለጥፈው ያስተካክሉት።

መዛኙ ድንጋይ ከውሃ ይገኛል፤ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ አንድ ሲሪንጅ ሙሉ ውሃ 10 ግራም ነው። በአንዱ ጎን 50 ግራም ውሃ አድርገው በሌላው ጎን እስኪስተካከል አሸዋ ይጨምሩ፤ አሸዋውን ፌስታል ውስጥ ቋጥረው "50 ግ" ብለው ይጻፉበት። ፌስታሉም ክብደት አለው፤ ስለዚህ ባዶው ፌስታል ከመጀመሪያው አሸዋው ጎን መሆን አለበት። በዚህ መንገድ 10፣ 20፣ 50 እና 100 ግራም ያዘጋጁ።

ሚዛኑ ክንዶቹ እኩል ካልሆኑ ባዶውን ቢስተካከልም ይዋሻል። ማጋለጫው ቀላል ነው፦ ዕቃውንና መዛኙን ቦታ ያቀያይሩ። ከተቀያየሩ በኋላም ካልተጋደለ ሚዛኑ ታማኝ ነው። ይህን ዘዴ የተማረ ልጅ ከአሁን በኋላ ገበያ ሲላክ ዓይኑ ይከፈታል።

ደቂቃ ከተረፈ አንድ ጣሳ ገብስና አንድ ጣሳ ጤፍ ያስመዝኑ፤ መጀመሪያ ተከምሮ፣ ቀጥሎ አፉ በቀጥ ባለ እንጨት ተጠርጎ። ጣሳ ይዘትን፣ ሚዛን ደግሞ መጠነ ቁስን እንደሚለካ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

አራተኛውና አምስተኛው፦ የተንጠለጠለው ጠጠር

ሙከራው ፔንዱለም ነው፦ በሲባጎ የተንጠለጠለ ጠጠር። ተመራጭ ያደረገው ርካሽ መሆኑ፣ በ40 ደቂቃ መጠናቀቁ፣ ከሁሉም በላይ የአብዛኛው ተማሪ የመጀመሪያ ግምት ስህተት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ጠጠሩን እያወዛወዙ "ይህ እንዲፈጥን ወይም እንዲዘገይ የሚያደርገው ምንድን ነው?" ይበሉ። ሦስት መልስ ይመጣል፦ የጠጠሩ ክብደት፣ የሲባጎው ርዝመት፣ ሲለቀቅ የተሳበበት ስፋት። እያንዳንዱ ቡድን ከመንካቱ በፊት ግምቱን ከነምክንያቱ ይጻፍ። "ከባዱ ይፈጥናል ብለን እናስባለን፣ ምክንያቱም…" የሚል ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ ድምጽ ሰጥተውም ይቆጠር።

ቀጥሎ አንዱን ብቻ መቀየር፣ ሌሎቹን ማጽናት። የመጀመሪያ ዙር ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ የተሳበበት ስፋት ትንሽ፣ የሚቀየረው ጠጠሩ። ሁለተኛ ዙር ጠጠሩ ያው፣ ርዝመቱ 25፣ 50፣ 100። ሦስተኛ ዙር ስፋቱ ብቻ። እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ይለካና አማካዩ ይወሰድ።

የሚለካው የአንድ ምልልስ ጊዜ ሳይሆን የአስር ምልልስ ነው። ሰው ስልኩን ሲነካ ወደ 0.2 ሰከንድ ይዘገያል፤ ምልልሱ 1 ሰከንድ ከሆነ ያ ስህተት አንድ አምስተኛ ነው፤ አስሩ ላይ ሲሰራጭ ግን ሃምሳኛ ብቻ ይሆናል። ይህን ስሌት ተማሪዎቹ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይስሩት።

በትክክል የተሰራ ልኬት የሚከተለውን ይመስላል፦ 25 ሴንቲ ሜትር፣ የአስር ምልልስ 10.0 ሰከንድ ገደማ፤ 50 ሴንቲ ሜትር፣ 14.2 ገደማ፤ 100 ሴንቲ ሜትር፣ 20.1 ገደማ። ቁጥሩን ለራስዎ ይያዙት።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው አቆጣጠር ነው። ጠጠሩን ሲለቁ "አንድ" ብሎ የጀመረ ቡድን የቆጠረው ዘጠኝ ምልልስ ነው፤ በ25 ሴንቲ ሜትር 9 ሰከንድ ይዞ ይመጣል። ሲለቀቅ "ዜሮ" ማለት ያስለምዱ። አንዳንዱ ደግሞ መሄዱን አንድ፣ መመለሱን ሁለት ብሎ ይቆጥራል፤ የዚህኛው ጊዜ ግማሽ ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲመጣ "ተሳስታችኋል" ከማለት "ሲቆጥር ልየው" ማለት ይሻላል።

ሁለተኛው የረቀቀ ነው፣ ትምህርቱም ያለው እዚያ ነው። ርዝመት የሚለካው ከተሰቀለበት ሚስማር እስከ ጠጠሩ መሃል ነው። ትልቁ ጠጠር በዚያው ሲባጎ ሲታሰር መሃሉ ወደ ታች ይወርዳል። በ25 ሴንቲ ሜትር ፈንታ 29 ቢሆን የአስር ምልልሱ ጊዜ ወደ 10.8 ይወጣል። ቡድኑም "ከባድ ጠጠር ይዘገያል" ብሎ በሙሉ ልብ ይደመድማል። ሌላው ቡድን ርዝመቱን አስተካክሎ ስለለካ "ልዩነት የለም" ይላል። ሁለቱን ፊት ለፊት ያቁሙና እርስዎ ዝም ይበሉ። እርስ በርስ "እስቲ ያንተን አሳየኝ" መባባላቸው አይቀርም፤ አንዱ ሜትሩን ያመጣል፤ ርዝመቱ ሳያውቁት አብሮ እንደተቀየረ ይገለጣል። "አንድ ጊዜ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ" የሚለው ህግ ለምን እንደተደነገገ ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አያስፈልግም። በመጀመሪያው ዙር ስለ ጠጠሩ መሃል ምንም እንዳይናገሩ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ስፋቱ ነው። ብዙ ማስታወሻ "ስፋቱ ለውጥ አያመጣም" ይላል። ከመሃል እስከ 20 ዲግሪ ድረስ ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ ስለማይሞላ በዚህ መሳሪያ አይታይም። 60 ዲግሪ ያህል ስቦ የለቀቀ ቡድን ግን ከመቶ ሰባት ያህል መዘግየት ያገኛል፤ በ25 ሴንቲ ሜትር 10.7 ሰከንድ። ትክክል ነው። በመጽሐፉ የለም ተብሎ ውጤቱ እንዳይሰረዝበት።

ጠጠሩ ወዲያና ወዲህ ከመወዛወዝ ይልቅ ክብ መስራት ከጀመረ ሲለቅቁት ገፍተውታል ማለት ነው። ሲባጎው ሚስማሩ ላይ የሚንሸራተት ከሆነም ርዝመቱ በሂደት ይቀየራል፤ ቋጠሮውን በፕላስተር ያጽኑት።

በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ግራፍ ይሳል፤ አግድም ርዝመት፣ ሽቅብ ጊዜ። 100 ሴንቲ ሜትሩን ከመለካታቸው በፊት 25ቱን ብቻ ይዘው ይተንብዩ። "ርዝመቱ አራት እጥፍ ስለሆነ ጊዜውም አራት እጥፍ፣ 40 ሰከንድ" የሚለው ያሸንፋል። ሲለካ 20 ይሆናል። ለ7ኛና 8ኛ ክፍል የካሬ ዘር (ስኩዌር ሩት) ነገር እዚህ ይነሳል፤ ለ5ኛ "አራት እጥፍ ርዝመት፣ ሁለት እጥፍ ጊዜ" ይበቃል።

ስድስተኛው፦ የራሳቸው ጥያቄ

አሁን የደረጃዎቹን ስም ይስጡ። ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ትንበያ፣ ሙከራ፣ መረጃ፣ ድምዳሜ፤ እያንዳንዱን ከሰሩት ጋር እያገናኙ። ከድምዳሜ ወደ አዲስ ጥያቄ የሚመለስ ቀስት መሳል አይርሱ።

ቀጥሎ ቡድኖቹ ጥያቄ ያምጡ። የሚመጣው በአብዛኛው ሰፊ ነው፦ "ባህር ዛፍ ጎጂ ነው?"። እንዲህ ሆኖ አይለካም። አጥብበው ሲጠይቁ ይሆናል፦ "የባህር ዛፍ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃ የስንዴን መብቀል ያዘገያል?" 50 ግራም ደረቅ ቅጠል በግማሽ ሊትር ውሃ ለአንድ ቀን ይዘፍዝፉ። ሁለት ሰሃን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፈው ከአንድ ከረጢት የወጣና ያልተሰበረ 20፣ 20 ስንዴ ይደርድሩ። አንዱን በቅጠሉ ውሃ፣ ማነጻጸሪያውን በንጹህ ውሃ፣ ጠዋትና ማታ 10 ሚሊ ሊትር ያጠጡ። ሰሃኖቹ ላይ "ሀ" እና "ለ" ብቻ ይጻፍ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ ይቁጠር። "በቀለ" ማለት ምን እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑ፤ ስሩ 5 ሚሊ ሜትር የደረሰ ቢባል ጥሩ ነው። ውሃ ከበዛ አየር አጥቶ ይሻግታል፤ ብቅል የሚያበቅሉ እናቶችን ቢጠይቁ እርጥበቱን ከማንም በላይ ያውቃሉ። የደሴ ብርድ ከኮምቦልቻ ይልቅ ያዘገየዋል፤ ሰሃኖቹ አንድ ቦታ ይቀመጡ።

የሰዓት አመዘጋገብ አደገኛ ነው። አንዱ "ጠዋት 3፡20" ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ከስልኩ ላይ 9፡20 ይገለብጣል። በጊዜ ላይ የተመሰረተ ሙከራ ላይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ጠንቅ ነው። አንዱን አቆጣጠር መርጠው ለሁሉም ያስገድዱ።

ሌላው ለወሎ መልክዓ ምድር የተሰራ የሚመስል ጥያቄ የውሃ መፍያ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ መፍያው በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ወደ 92፣ ኮምቦልቻ ወደ 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠበቃል። የደጋው ሽሮና ባቄላ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሁለቱ ከተማ ትምህርት ቤቶች ተስማምተው በአንድ ቀን ቢሰሩት ውጤቱን መለዋወጥ ይችላሉ።

የሚፈለገው እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ባለ ቀይ አልኮል ቴርሞሜትር ነው። የትኩሳት መለኪያ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ የሚያነበው እስከ 42 ዲግሪ ነው፣ ይፈነዳል። የሜርኩሪ ከሆነ ደግሞ መርዝ ነው። እሳቱን መምህሩ ይያዝ። ቴርሞሜትሩ በሲባጎ ተንጠልጥሎ የዕቃውን ቂጥ ሳይነካ፣ ውሃው ክፉኛ ከፈላ 3 ደቂቃ ቆይቶ በየደቂቃው ሦስት ጊዜ ይነበብ። አንዱ ተማሪ እሳቱን ጨምሩበት ይላል። ይጨመር፤ ውሃው ይንተከተካል እንጂ ቁጥሩ አይወጣም።

ችግሩ የሚፈለገው ልዩነት 2 ዲግሪ ብቻ መሆኑ ነው፤ ርካሽ ቴርሞሜትር ደግሞ ራሱ በ1 ዲግሪ ሊዋሽ ይችላል። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ አንድ ቴርሞሜትር በሚኒባስ ተልኮ ሁለቱም ቦታ መለካት ነው። ሌላው ከመጠጥ ቤት ፍሪጅ የተገኘ በረዶ ደቅቆ፣ ጥቂት ውሃ ተጨምሮበት ሲማሰል ቴርሞሜትሩ 0 ማንበቡን ማረጋገጥ ነው፤ የበረዶ መቅለጫ ከፍታ ብዙም አይቀይረውም። 1 ካነበበ፣ ከፍላቱ ንባብም 1 ይቀነሳል፤ ፍጹም ባይሆንም ከምንም ይሻላል። ለሌላው ትምህርት ቤት የሚላከው ወረቀት ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ሦስቱም ንባብ፣ የበረዶው ንባብና የቴርሞሜትሩ ዓይነት ይኑር። አማካይ ብቻ የላከ ክፍል ወረቀቱ ይመለስበት።

ስለ ፈተና

"የሳይንሳዊ ዘዴ ደረጃዎችን ዘርዝር" የሚል ጥያቄ ይተው። ለየቡድኑ አንድ ድንች፣ ሲሪንጅ፣ የሰሩትን ሚዛንና የተሰመረ ሃይላንድ ይስጡና "የዚህን ድንች ይዘትና መጠነ ቁስ ፈልጉ፣ ምን ያህል እንደምታምኑትም ጻፉ" ይበሉ። ይዘቱን ድንቹን ውሃ ውስጥ በማስገባት ነው የሚያገኙት፤ የሃይላንዱን አንገት መቁረጥ እንዳለባቸው ራሳቸው ይድረሱበት። ከ10 ነጥብ 3ቱ ለተደጋጋሚ ንባብ፣ 2ቱ ለአሃድ፣ 2ቱ ስህተቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ለመጻፍ፣ 2ቱ ያልተደለዘ ሰንጠረዥ ለማስረከብ ይሁን። ከእርስዎ ቁጥር ጋር ለመቀራረብ አንድ ነጥብ ይበቃል።